የመርዝ ቀለም

ከዲንሾ እስከ ጎሮ ባለው አገር፣ የሰናቴን ተራራ ጨምሮ፣ በኮምፒውተር ቀለም እኔን የሚያህል ሰው አልተፈጠረም። ከሰናቴ በላይ ቀስተ ደመና የሚዘረጋው ፈጣሪ ነው፤ ከሰናቴ በታች ያለውን ግን ለእኔ ትቶልኛል። የእኔ የቀለም ፋይል ያልገባበት ኮምፒውተር በባሌ ምድር ካለ ባለቤቱ ይንገረኝና ዛሬውኑ በባጃጅ እደርስለታለሁ።

እንግዲህ ጉራው ከወጣልኝ ትንሽ ልተንፍስ። የቀለም ፋይሌ የገባባቸው ኮምፒውተሮች አራት ናቸው። አንደኛው የራሴ ነው። ሁለተኛው የቢሮዬ ነው፣ እሱንም ከእኔ ሌላ የሚነካው የለም። የቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ ጎባ አንዱ አጋርፋ፣ የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው፤ በአንደኛው ላይ ፋይሌ የደረሰበትን ስትሰሙ አራት ያልኩትን ሦስት ተኩል ትሉታላችሁ።

ሥራዬ ሮቤ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን ነው። ባለሙያ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ከአፉ ፈልቅቆ የሚያወጣ፣ ፍላሽ ላይ የተጣበቀ ቫይረስ የሚያራግፍ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያጠፋው እሱ ይመስል ሰው ሁሉ የሚያፈጥበት ማለት ነው። ከዚያ በሚተርፈኝ ጊዜ የምወደውን እሠራለሁ። የምወደው ደግሞ ለሰው ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ባለቤቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ፊደል ቀለም ይቀባል» ትላለች። በዚህ የተነሳ ሠፈሩ ለብዙ ጊዜ የሱቅ ታፔላ የምጽፍ ይመስለው ነበር፤ አንዱማ የሥጋ ቤቱን ግድግዳ እንድቀባለት ደጅ ጠንቶኛል። በሬ ልሥልለት ሁሉ ተስማምተን ነበር፣ ባለቤቴ ባትደርስብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥዕል የሌለው፣ ጌጥ የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበት ቀለል ያለ ፕሮግራም አለ፤ ኤዲተር እንለዋለን። ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ውሎአቸው እሱ ላይ ነው። ፊደሉን ብቻውን ካያችሁት ግን ጤፍ የተበተነበት ሰሌዳ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። ስለዚህ ለኤዲተሩ ትንሽ የደንብ ፋይል ይጻፍለታል። በዚህ ምልክት የሚጀምር መስመር ግራጫ ይሁን፣ በጥቅስ ውስጥ ያለው ሌላ ቀለም ይያዝ፣ ቁጥሩ ሰማያዊ ይሁን እያለ ያዘዋል። ጽሑፉ አይነካም። ቀለሙ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው፣ ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ያው ጽሑፍ ሌላ ደንብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ሰው ልታጣላ ነው።

ዘዴው ደግሞ አዲስ አይደለም። አያቴ ጎባ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። የሚያነቡበት ብራና ላይ ሌላው ጽሑፍ ጥቁር ሆኖ የእመቤታችንና የቅዱሳኑ ስም በቀይ ተጽፎ ነበር፤ አንባቢ ገጹን ሲገልጥ ስሙ የት እንዳለ ከሩቅ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር ልጅ ሆኜ ስመለከተው ያ ቀይ የሚሉት ብዙም አይታየኝም ነበር። የጧፍ ጭስ አጥቁሮት ነው ብዬ አለፍኩት። ሐሳቡ ግን ልቤ ውስጥ ቀረ፤ የከበረውን ነገር በቀለም መለየት የቤተሰብ ሙያችን ነው እያልኩ ቢሮ ውስጥ ስፎክር የሚያቆመኝ አልነበረም።

የደንብ ፋይል ጽፎ ለብቻ መያዝ ንፍገት ነው። እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች እንደ ደቦ ነን፤ አንዱ የጻፈውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔም አንድ ጊዜ ከፋይሎቼ አንዱን አስቀመጥኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የት አገር እንዳለ የማላውቀው ሰው ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈልኝ፤ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ደፋር የቀለም ምርጫ» ማለት ነው። ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ደፋር ሲል ምን ማለቱ ነው?» አለች። አድናቆት ነው አልኳት። ስልኬን ተቀብላ ቀለሞቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወጧን ልታማስል ገባች።

ባለቤቴን ካነሳሁ አይቀር፣ ገበያ እንደማትልከኝም ልናገር። በተጋባን ሰሞን ቲማቲም ግዛ ብላ ላከችኝና ሙሉ ዘንቢል ጥሬ ይዤላት ገባሁ። ዳግመኛ እንዳልልከው ሆን ብሎ ነው ብላ ተቀየመች። እኔ ጥሬ መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ ነገር ግን ሞኝ ከመባል ተንኮለኛ መባል ስለሚሻል ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ያቺ ፈገግታ ከገበያ ለዘላለም ገላገለችኝ።

አሁን ወደ ቲቸር ልምጣ። ቲቸር ጎባ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጎባ ውስጥ ግን አንድ ሰው መንገድ ላይ «ቲቸር» ብሎ ከተጣራ፣ መንገዱ ሙሉ አስተማሪ ቢሆንም ዞር የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው የጀመሩት ሥራ አለ። የደጋውን ዕፅ፣ ከጥዱና ከኮሶው ጀምሮ እስከ አጥር ሥር አረም ድረስ፣ በኦሮምኛ ምን እንደሚባል፣ በአማርኛ ምን እንደሚባል፣ የሳይንስ ስሙ ምን እንደሆነ፣ ለሰውና ለከብት መድኃኒት ይሁን መርዝ፣ አንድ በአንድ እየጠየቁ ይጽፋሉ። ተማሪዎቻቸው የነበሩ ገበሬዎች ገበያ በመጡ ቁጥር ቅጠል በኪሳቸው ይዘውላቸው ይመጣሉ።

ለምን እንደጀመሩት አንድ ቀን ነግረውኛል። ልጅ ሆነው ጎሮ አካባቢ የእናታቸው ብቸኛ ላም በድርቅ ጊዜ አንድ ቁጥቋጦ ግጣ ሞተችባቸው። ለቅሶ የመጣው ጎረቤት ሁሉ፣ አዎ ለላም ለቅሶ ተደርሷል፣ ያ ቁጥቋጦ ከብት እንደሚገድል ያውቅ ነበር። ሁሉም ሌላው የነገራቸው መስሎት ዝም ብሏል። ቲቸር ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይጨምርም አይቀንስም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ እንጂ።

ሥራቸውን የሚጽፉት ልጃቸው በተወችላቸው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። መጽሐፉ እየወፈረ ሲሄድ የሚጽፉበት ትልቁ ፕሮግራም መሸከም አቅቶት ቀጥ ይላል፤ እሳቸውም የዕድሜ ልክ ድካማቸው አብሮ ቀጥ ያለ እየመሰላቸው በድንጋጤ ይደውሉልኛል። ስለዚህ ከዚያ አውጥቼ ወደ ኤዲተሩ አዛወርኩላቸው። መድኃኒት የሆነው ዕፅ መስመሩ በመደመር ምልክት ይጀምር፣ መርዝ የሆነው በቃለ አጋኖ ይጀምር ተባባልን። ከዚያ ጉራዬ ተነሳና «ቲቸር፣ እኔ በቀለም አደምቅልዎታለሁ፤ መርዙን ከመድኃኒቱ ሳያነቡ ይለዩታል» አልኳቸው።

ያን ፋይል የሠራሁት በፍቅር ነው። ኤዲተሩ ቀለም ልምረጥ ሲሉት ትናንሽ ሳጥኖች ደርድሮ ያቀርባል። የሚጮኹትን ቀለሞች ዘለልኳቸው፤ የቲቸር ዓይን ደክሟል፣ ብርሃን ይወጋቸዋል። ከታች ካሉት፣ ጸጥ ካሉት መረጥኩ። ለመርዙ የደም ቀለም፣ ግን የደረቀ ደም። ለመድኃኒቱ የቅጠል ቀለም፣ ግን ጥላ ሥር ያደገ ቅጠል። መደመሩና ቃለ አጋኖው ደግሞ ውበቱን እንዳያበላሹ ደብዛዛ ግራጫ አደረግኳቸው፣ የሉም እስኪባል። ስጨርስ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ አየሁትና ለራሴ አጨበጨብኩ። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጭብጨባው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

በማግስቱ ፍላሼን ይዤ በሚኒባስ ጎባ ወጣሁ። ቲቸር «ኮቱ፣ ግባ፣ ብርዱ አንተን ፈልጎ ነው የመጣው» ብለው ተቀበሉኝና ጩኮ በሳህን አቀረቡልኝ። ገብሱንና ቅቤውን እየዋጥኩ ፋይሉን ጫንኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩ። ብዙ አዩት። ወደ ታች ወረዱ፣ ወደ ላይ ተመለሱ፣ እንደገና ወረዱ። እኔ ደስታው አፋቸውን የያዘው መስሎኝ ጩኮውን ጨመርኩበት።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚደረገው?» አሉ በመጨረሻ። «መርዙ እንዲህ፣ መድኃኒቱ እንዲህ?»

«አዎ ቲቸር። ከአሜሪካ እስከ ጃፓን እንዲህ ነው።»

አሜሪካንም ጃፓንንም አላየሁም። ሻሸመኔን ካለፍኩ ራሱ ቆየሁ። ግን አፌ አንዴ ከተከፈተ ድንበር አያውቅም።

«ማሻአላህ» አሉ ቲቸር ቀስ ብለው። «እንግዲህ እንለምደዋለን።»

እኔ ይህን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ወደ ሮቤ ስመለስ በመስኮት የገብሱን ማሳ እያየሁ ቀለም ከእኔ ተማር እለው ነበር።

አጋርፋ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች፤ ከጎጃም በሥራ ተመድባ የመጣች፣ የከብት ጤና የምታስተምር። ላፕቶፕዋን ላሠራ ብላ ቢሮዬ ስትመጣ ተዋወቅን። ጋሼ ትለኛለች። ይህን ስትል ፀጉሬ ቢሮ ውስጥ እያለ የሚሸብት ይመስለኛል፣ ብትተወኝ ደስ ይለኛል፣ ግን አትተውም። ላፕቶፕዋን እየፈታሁ ስለ ቲቸር መጽሐፍ ነገርኳት። ዓይኗ በራ። ተማሪዎቿ ወደ ገጠር ወጥተው ከብት የሚያክሙ ናቸው፤ የትኛው ቅጠል ከብት እንደሚገድል በሦስት ቋንቋ የያዘ ነገር ፈልጋ አጥታለች። ለተማሪዎቿ በቀለም አትማ ልትሰጥ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ልታመሳክር፣ በኋላም እንደ መጽሐፍ እንዲወጣ ልታግዝ ፈለገች።

ቲቸር ሥራቸውን ለሰው መስጠት ትተዋል። አንዴ የሰጡት ሰው በራሱ ስም ሊያወጣው ነበር ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለ ሰው ክፉ ስለማያወሩ ዝርዝሩን አልሰማሁም። እኔ ስለ መምህርቷ እየማልኩ፣ ጠባይዋን ከመላእክት አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ እያደረግኩ አግባባኋቸው። በመጨረሻ «አንድ ፊደል ሳትነካ ከሆነ» ብለው እሺ አሉ። ጽሑፋቸውንና የቀለም ፋይሌን በአንድ ፍላሽ አድርጌ ላክሁላት። በዚያው ሰሞን በስልክ ቀለሞቹን እንዴት እንዳገኘቻቸው ጠየቅኋት። በጣም ልዩ ናቸው አለችኝ። ይህንንም ከደፋሩ ጎን አስቀመጥኩት።

ጊዜው ደረሰና መምህርቷ የሠራችውን ለቲቸር ልታሳይ ጎባ መጣች። እኔም የቀለሞቹ አባት ስለሆንኩ ሳልጠራ ተገኘሁ። ቲቸር ሱሪያቸውን አስተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር የጠበቁን። ያን ሳይ ነገሩ ለእሳቸው ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ፤ ለልጃቸው ሽምግልና የተቀመጡ ነው የሚመስሉት።

ላፕቶፕዋን ከፍታ ፊታቸው አደረገች። ከገበሬዎቹ ጋር እንዴት እንዳመሳከረች ታስረዳለች፣ እሳቸው ያያሉ። ከዚያ ማየታቸው ተለወጠ። ጎንበስ አሉ። አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አደረጉ፣ አነሱ፣ ሌላው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ቀየረው?»

«የቱን ቲቸር?»

«ሁሉንም።» ድምፃቸው ያው ነበር። «አስተናግርን መድኃኒት አድርገሽዋል። ፍሬውን የበላ ሰው ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ውሎ የሚሞትበትን። ዳማከሴን ደግሞ፣ እናቶች ለምች የሚያሹትን፣ መርዝ አድርገሽዋል።»

እሷ አንድ ፊደል እንዳልነካች ተናገረች። ደጋግማ ተናገረች። እሳቸው ዓይን አለኝ አሉ። ስክሪኑን ቀስ አድርገው ከደኑት፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ ከሚከደን ቢወረወር ይሻል ነበር። ይህ ለተማሪዎች ቢደርስ ስንት ላም ይሞታል፣ ስንት ሰው ይሞታል አሉ። ጽሑፌን መልሺልኝ፣ መጽሐፉ አይወጣም አሉ። የመምህርቷ ዓይን እንባ ሞላ። በእናቷ ልትምል ጀመረችና ተወችው።

እኔ ከብዶኛል። ሲከብደኝ ደግሞ የማውቀው አንድ መላ ቀልድ ነው፤ አስተናግሩን ኮምፒውተሩ ራሱ በልቶት ይሆናል አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቲቸር ወደኔ እንኳ አልዞሩም። አማላጁ እኔ፣ የማልኩት እኔ፣ ፍላሹን የላክሁት እኔ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ሲጠፋኝ የቲቸርን አሮጌ ላፕቶፕ ከመደርደሪያው አንስቼ ከእሷ ጎን አስቀመጥኩና ያንኑ ገጽ በሁለቱም ላይ ከፈትኩ።

«ይኸው» አሉ ቲቸር። «የእኔ እንደ ሁልጊዜው አስተናግሩ አረንጓዴ። የሷ ቀይ።»

መምህርቷ ከወንበሯ ተነሳች። «ቲቸር፣ ቀለሙን ነው የቀየርኩት፣ ቀለሙን ብቻ። መርዝ አረንጓዴ ሆኖ ተማሪ ፊት እንዴት አቀርባለሁ ብዬ ነው።»

«መርዝማ አረንጓዴ ነው። ይሄ ልጅ ከአሜሪካ እስከ ጃፓን እንደዚያ ነው ብሎኛል።»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

እኔ ስክሪኖቹን አየሁ። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። ሁለቱም ላይ ያለው አስተናግር ያው የደረቀ ደም ነው። ሁለቱም ላይ ያለው ዳማከሴ ያው የጥላ ቅጠል ነው፤ እሱም ቢሆን ከደረቀው ደም ብዙ አይርቅም። ለአንድ አፍታ ታርቀው፣ ተጠቃቅሰው ሊያላግጡብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔ አደርገው ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ማንም የሚቀልድ የለም።

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ደግሞም ዘጋሁት። በዕድሜዬ ከማስታውሳቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ከዚያ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ጽሑፉን አይነካም የሚለው ትዝ አለኝና የደንብ ፋይሉን ከሁለቱም ላይ አነሳሁት። ስክሪኖቹ ነጭና ጥቁር ሆኑ፤ ጤፍ የተበተነበት ሰሌዳ። ያ ደብዛዛ ግራጫ አድርጌው የነበረው ምልክትም ከተደበቀበት ወጣ። ቲቸር አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግተው አነበቡ። አስተናግር ከፊቱ ቃለ አጋኖ። በሷም ቃለ አጋኖ። ዳማከሴ መደመር። በሷም መደመር። እንዶዱን አዩ፣ ብሳናውን አዩ፣ ገጽ እየገለጡ ሄዱ። የቀረበልን ሻይ ሳይነካ በርዶ ስስ ሽፋን ጣለ።

ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ መምህርቷ ዞሩ፣ ከወንበራቸውም ተነሱ። ለልጅ የሚነሳ ሽማግሌ ስታዩ ልባችሁ ይወርዳል፤ እሷም ደንግጣ ልትይዛቸው ተነሳች።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ። «ውሰጂው። መጽሐፉ ይውጣ።»

እሷም ማልቀሷን ያኔ ጀመረች። ሲወቅሷት የያዘችውን እንባ ይቅርታ ሲጠይቋት ለቀቀችው።

ነገሩ ሲበርድ ቲቸር ወደኔ መጡ። ቀለሙ የተገላቢጦሽ መሆኑን ገና የመጀመሪያው ቀን አይተውት ነበር። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። የደከምክበትን ነገር፣ ያውም በነፃ፣ ጩኮ እየበላህ ደስ ብሎህ ሳይ እንዴት ስህተት ነው እልሃለሁ አሉ። አሜሪካንና ጃፓንን ደግሞ አመጣህብኝ፤ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ነው ካለ እኔ የጎባ ጡረተኛ ማን ነኝ አሉ። መርዝ አረንጓዴ፣ መድኃኒት ቀይ እያሉ ማታ ማታ እንደ ተማሪ እየሸመደዱ ለመዱት። መምህርቷም ቀለሙን ባየችው ዕለት አስተካክላዋለች፤ ለጋሼ ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው፣ እንደዚያ ተመክተውበት እያለ ነውር አይሆንብኝም ወይ ብላ ዋጠችው። «ደፋር» ያለኝ ያ ሩቅ ሰው እንኳ፣ አሁን ሳስበው፣ በአገሩም ይሉኝታ ያለ ይመስለኛል።

«ሁላችንም አውቀን» አሉ ቲቸር። መነጽራቸውን ጠረጉ። «የእናቴም ላም የሞተችው እንዲሁ ነው» አሉ።

ይህን ካሉ በኋላ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና ሁለት ቃሪያ ይዘው ወጡ። ቁመታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት በቅንድባቸው አዘዙኝ።

«የበሰለችው የትኛዋ ናት?»

እጄን ሰደድኩ።

«መዳሰስ የለም።»

ቀኝ ያለችዋን አልኩ። መምህርቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቲቸር ግን አልቻሉም፤ ወንበራቸው ላይ ወድቀው ሳቁ፣ ያን አሮጌ፣ ሳል የተቀላቀለበት የመማሪያ ክፍል ሳቃቸውን። ከእናትህ የወረስከው ነው አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። የእናትህን ወንድሞች ጠይቅ። አስተምሬህ ነበር፤ ሥዕሉን ይዤ ክፍል ለክፍል ዞሬ ነበር።

መጽሐፉ በመታተም ላይ ነው። መምህርቷ ተማሪዎቿን እየላከች ከየቀበሌው አዲስ ስም ታስመጣለች፣ ቲቸር ያስገባሉ፣ እኔ የደንብ ፋይሉን እጽፋለሁ። አሁን ሥራውን ተከፋፍለነዋል፤ ደንቡ የእኔ ነው፣ የቀለሙን ስም የሚሰጡኝ እነሱ ናቸው። መደመሩንና ቃለ አጋኖውንም አወፈርኳቸው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ቢያነብ ላም እንዳይገድል። ባለቤቴ ታሪኩን ስነግራት ዘንቢሉ ሙሉ ጥሬ ቲማቲም ትዝ ብሏት ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ። ይቅርታዋን አገኘሁ፤ ግን ገበያ መላክ ጀምራለች፣ ሻጯን ጠይቅ እያለች።

ያን ሥዕል ግን አስታውሰዋለሁ። የዘር ውርስ ትምህርት ላይ ነበር። ቲቸር ከአንድ መጽሐፍ የነጠብጣብ ሥዕል ከፍተው በየወንበሩ አዞሩና ውስጡ የተጻፈው ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። እኔ ያየሁት ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ክፍሉ ተመካክሮ ቲቸር ላይ እየቀለደ መሰለኝ። ቀልድ አምልጦኝ አያውቅምና ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ያንኑ ቁጥር ተናገርኩ፣ የጓደኞቼንም ብልጠት በልቤ አደነቅኩ። እንዲህ እያልኩ ጎለመስኩ። ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ልጅ ሆኜም አልለይም ነበር፣ ቀለም ሠሪ ተብዬም አልለይም ነበር፣ አሁንም አልለይም።